የሚለካው ልጄ ነው ወይስ የእኔ ዓይን?

ኤን-አሴቲልሲስቲን የሚባለውን ነገር ብዙ ሰው ስሙን ሳያውቅ ያውቀዋል። ውሃ ውስጥ ሲጣል አረፋ እያወጣ የሚሟሟ፣ አክታ ለማቅጠን የሚታዘዝ ክኒን ነው። ባጭሩ ኤንኤሲ ይሉታል። ሕክምናው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲጠቀምበት ኖሯል። ፓራሲታሞል ከልክ በላይ የወሰደ ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ጉበቱን ለማትረፍ የሚሰጠውም ይኸው ነው። ስለዚህ "ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ተደጋጋሚ ባህሪ ይቀንሳል" እየተባለ ስሙ ከኦቲዝም ጋር ተያይዞ ሲመጣ መጀመሪያ ራሴን የጠየቅሁት "አክታንና ኦቲዝምን ደግሞ ምን አገናኛቸው?" ብዬ ነው።

ልጄ ኦቲዝም አለው። የጠርሙስ ክዳን ካገኘ ወለሉ ላይ ያሽከረክረዋል። ጉንጩን መሬት ላይ ለጥፎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ክዳኑ ተንገዳግዶ እስኪወድቅ ድረስ ያየዋል። ከዚያ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ደስ ሲለው ሁለት እጆቹን ከትከሻው ጀምሮ ያራግባል። ክፍት በር ካየ መዝጋት አለበት፣ ዝግ ካየ መክፈት። ይሄ ሁሉ ማንንም አይጎዳም። አንዱ ግን ይጎዳዋል። ሲከፋው ወይም ጫጫታ ሲበዛበት አገጩን በመዳፉ ይመታል። ሲጀምር ቀስ ብሎ ነው። ቶሎ ካልተረጋጋ እየጠነከረ ይሄዳል፤ አንዳንድ ቀን አገጩ ስር ይበልዛል።

የሐኪም ቅጽ ላይ ግን ክዳኑም፣ እጅ ማራገቡም፣ በሩም፣ አገጭ መምታቱም አንድ ርዕስ ስር ነው የሚገቡት። ተደጋጋሚ ባህሪ ይባላሉ። ሐኪሙ ሊዮ ካነር እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ልጆች ጽፎ ኦቲዝምን ለዓለም ሲያስተዋውቅም ይህንኑ መደጋገምና "ምንም ነገር አይቀየርብኝ" ማለትን ልብ ብሎታል። ዛሬም ኦቲዝም ከሚለይባቸው ሁለት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

ለዚህ የሚሆን መድኃኒት አለ ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አጭር ነው። የለም። በአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ብሎ ሪስፔሪዶንን በ2006፣ አሪፒፕራዞልን በ2009 ፈቅዷል (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሁለቱም የተፈቀዱት ለብስጭትና ለቁጣ ነው። ክብደት ይጨምራሉ፣ ያስተኛሉ፣ ክትትል ይፈልጋሉ። ወላጅ ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ሰፕሊመንት ቢያዞር አይፈረድበትም። "ቢጠቅም ይጠቅማል፣ ባይጠቅምም አይጎዳም" የሚለው ሐሳብ ደግሞ ሌሊት ሌሊት ጥሩ ያስተኛል።

ሐሳቡ ባዶ አይደለም። ኤንኤሲ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ሲስቲን ወደሚባል አሚኖ አሲድ ይቀየራል። ከሲስቲን ደግሞ ግሉታታይዮን ይሠራል። ይህ የሰውነታችን ዋነኛ አንቲኦክሲደንት፣ ማለትም ሴሎችን ከጉዳት የሚጠብቅ ነገር ነው። ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ደም ውስጥ ግሉታታይዮን ዝቅ ብሎ ያገኙ ጥናቶች አሉ። ሁለተኛው መንገድ አንጎል ውስጥ ነው። ግሉታሜት የሚባለው ንጥረ ነገር የነርቭ ሴሎችን ያነቃቃል። ኤንኤሲ ይህ ማነቃቂያ ከልክ እንዳያልፍ ይረዳል የሚል ግምት አለ። ፀጉራቸውን ካልነጩ የማያርፉ 50 አዋቂዎች ላይ ተሞክሮ ጥሩ ውጤት የተገኘበት ጥናት በ2009 ወጥቶ ነበር። እሱም መደጋገም ነው፣ የእኔም ልጅ ችግር መደጋገም ነው። ሰው ቢጓጓ አይገርምም። (ያው ነገር ከጥቂት ዓመታት በኋላ ልጆች ላይ ሲሞከር መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ አልተሻለም። ይህን ግን ወሬውን የሚያደርሱን ሰዎች አብረው አያደርሱልንም።)

የኦቲዝሙ ጥናት የወጣው በ2012 ነው። በሳይካትሪስቱ አንቶኒዮ ሃርዳን የሚመሩት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ3 እስከ 10 ዓመት የሆኑ 33 ልጆችን መዘገቡ። በዕጣ ለሁለት ከፈሏቸው። አንዱ ወገን ኤንኤሲ፣ ሌላው ፕላሲቦ ደረሰው። ፕላሲቦ ማለት መልኩ ያው ሆኖ መድኃኒቱ የሌለበት ነገር ነው። ማን የትኛውን እንደሚወስድ ወላጆቹም አያውቁም፣ የሚመረምሩት ሐኪሞችም አያውቁም። ለ12 ሳምንት እንዲህ ቀጠሉ። መጠኑ በደረጃ ነው የጨመረው። ለ4 ሳምንት በቀን 900 ሚሊ ግራም፣ ለሚቀጥሉት 4 ሳምንታት በቀን ሁለት ጊዜ 900፣ በመጨረሻ በቀን ሦስት ጊዜ 900።

ውጤቱ ደስ የሚል ነበር። ከ0 እስከ 45 በሚሄደው የብስጭት መለኪያ፣ ኤንኤሲ የወሰዱት ልጆች አማካይ ነጥብ ከ13.1 ወደ 7.2 ወረደ። ከፕላሲቦው ጋር ሲነጻጸርም ልዩነቱ ግልጽ ነበር። ተደጋጋሚ ባህሪን ከሚለኩት ነጥቦች አንዳንዶቹም ቀነሱ። የጎንዮሽ ጉዳቱ በአብዛኛው ሆድ ላይ ነው። ማቅለሽለሽ፣ ድርቀት፣ ተቅማጥ፣ ያን ያህል ያልከበደ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። የዚህ ጥናት ዋና ዒላማ ተደጋጋሚ ባህሪ አልነበረም። ብስጭት ነበር። መደጋገሙ በሁለተኛ ደረጃ አብሮ የተለካ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ብዙ ነገር ሲለካ አንዱ በአጋጣሚም ሊቀንስ ይችላል። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው "ይህ የመነሻ ሙከራ ነው፣ በትልቅ ጥናት መረጋገጥ አለበት" ብለዋል። ከእነሱ አፍ በጥንቃቄ የወጣው ነገር ወላጆች ስልክ ላይ ሲደርስ ግን "ተገኘለት!" ሆኗል።

እኔም ገዝቼ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ ነበር። ሐኪማችንን ሳናማክር አንጀምርም ብለን ተስማምተን፣ ቀጠሮው እስኪደርስ እሽጉ እንደታሸገ ተቀመጠ። እናቴ በዚያው ሰሞን እኛ ጋ ነበረች። እሽጉን አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀች፣ ነገርኳት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ልጁ ወለሉ ላይ ክዳኑን እያሽከረከረ እሷ ሶፋ ላይ ቁጭ ብላ ታየዋለች።

"አየህ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አለችኝ። "ያዘለት። አገጩን መምታቱ እኮ ቀንሷል።"

"እማዬ፣ ገና አልከፈትነውም።"

"እንዴ!" አለች። መደርደሪያውን አየች፣ ልጁን አየች። "ታዲያ ምን ሆኖ ነው የተረጋጋው?"

ሳቅሁ። ግን ልቤ አልሳቀም። እኔም በዚያ ሳምንት የተረጋጋ መስሎኝ ነበርና። የታሸገ ነገር መኖሩ ብቻ ዓይናችንን ቀይሮታል። ወይም ደግሞ፣ ይሄም ሊሆን ይችላል፣ እኛ ራሳችን ተስፋ ስላገኘን ተረጋግተን ነበር። ወላጅ ሲረጋጋ ቤቱ ይረጋጋል። ድምፅ ይቀንሳል፣ ቁጣ ይቀንሳል፣ "ተው! ተው!" ይቀንሳል። ጫጫታ የሚያስጨንቀው ልጅ ደግሞ ይህን ቀድሞ ይሰማዋል። ስለዚህ ለውጡ እውነተኛ ሆኖ ከክኒኑ ግን ላይመጣ ይችላል።

የአራት ዓመት ልጅ መድኃኒት እየወሰደ ስለመሆኑ ብዙ አይጨነቅም። ተስፋ የሚያደርግለት ሌላ ሰው ነው። ቅጹን የሚሞላውም ያው ተስፋ የሚያደርገው ሰው ነው። ተደጋጋሚ ባህሪን ለመለካት በሰፊው የሚሠራበት መጠይቅ 43 ጥያቄዎች አሉት። ሰውነቱን ያወዛውዛል? ራሱን ይመታል? ዕቃ ይደረድራል? መንገድ ሲቀየርበት ይረበሻል? ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ትሰጣለህ። 0 ማለት የለም፣ 3 ማለት ከባድ ችግር ነው። ሞልቼዋለሁ። በ1 እና በ2 መካከል ያለውን ልዩነት የሚወስነው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሌሊቱን መተኛት አለመተኛቴ ነው። በደም ምርመራ የሚለካ ነገር ቢሆን ማሽኑ ተስፋ አያደርግም። እዚህ ግን ሚዛኑ እኔ ነኝ።

ይህ የእኔ ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2009 ሲታሎፕራም የሚባል የድብርት መድኃኒት ለዚሁ ለተደጋጋሚ ባህሪ ተብሎ 149 ልጆች ላይ ተሞክሯል። ብዙ ሐኪሞች አስቀድመው ይጽፉት የነበረ መድኃኒት ነው። ከወሰዱት መካከል 32.9 በመቶዎቹ በደንብ ተሻላቸው። አንድ ሦስተኛ ማለት ነው፤ ቀላል ቁጥር አይደለም። ከዚያ የፕላሲቦው ሲታይ 34.2 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ይባስ ብሎ መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ እረፍት ማጣትና ችኩልነት ጨመረ፣ መደጋገሙ ራሱ የጨመረባቸውም ነበሩ። የፕላሲቦው ወገን ባይኖር ኖሮ ያ መድኃኒት ዛሬ "ከሦስት ልጆች ለአንዱ ይሠራል" ተብሎ ይነገርለት ነበር።

ሌላም የሚያታልል ነገር አለ። ወላጅ አዲስ ነገር ፍለጋ የሚነሳው መቼ ነው? ልጁ በጣም ሲብስበት ነው። የእነዚህ ልጆች ባህሪ ደግሞ ይነሳል፣ ይወርዳል። በክፉው ወር ላይ የጀመርከው ማንኛውም ነገር ቀጥሎ በሚመጣው ደህና ወር ይመሰገናል። ልጁም በዚያ መሃል እያደገ ነው።

ወደ ኤንኤሲ ልመለስ። ከስታንፎርዱ በኋላ ሌሎችም ሞክረውታል። በ2016 የወጣ የአሜሪካ ጥናት 31 ልጆችን ለ12 ሳምንት ተከታትሎ በማኅበራዊ ችግራቸው ላይ ከፕላሲቦ የተለየ ለውጥ አላገኘም። የሚገርመው ደማቸው ውስጥ ግሉታታይዮን ጨምሯል። ክኒኑ ኬሚስትሪው ላይ የሚጠበቅበትን ሠርቷል፣ ኑሮው ላይ ግን አልታየም። በ2017 ደግሞ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች 98 ልጆችን ይዘው ለ6 ወር በቀን 500 ሚሊ ግራም ሰጡ። ልዩነት አላገኙም። "መጠኑ አንሶ ነው" የሚል ክርክር አለ፣ ክርክሩም ምክንያት የሌለው አይደለም። ከስታንፎርዱ ጋር ሲተያይ በጣም ዝቅ ያለ ነው። ከሪስፔሪዶን ጋር ተደርቦ ሲሰጥ ብስጭትን ቀነሰ የሚሉ ትንንሽ ጥናቶችም አሉ። እኔ ይህን ሁሉ አንብቤ የደረስኩበት ይሄ ነው። ብስጭትን ለአንዳንድ ልጆች ሊቀንስ ይችላል። መደጋገምን ያጠፋል የሚለው ግን አልታየም።

ዕቃው ራሱም አንድ አይደለም። ኤንኤሲ አየር ሲነካው ይበላሻል። የስታንፎርዶቹ የተጠቀሙት አንድ አንዱ ለየብቻው የታሸገ፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ነበር። ትልቅ ብልቃጥ ውስጥ ሆኖ በየቀኑ የሚከፈትና የሚዘጋ ዱቄት ያንኑ ውጤት ይሰጣል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል። ሽታውስ? ድኝ አለበት፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ሽታና ጣዕም የሚያስጨንቀውን ልጅ በቀን ሦስት ጊዜ ይህን ጠጣ ማለት ራሱን የቻለ ትግል ነው። ደግሞም በቀን 2,700 ሚሊ ግራም "ቪታሚን ነው" ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። በተለይ አስም ያለበት ወይም ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ሐኪሙ ሳያውቅ መጀመር የለበትም።

ቀጠሮው ደረሰና ሄድን። ሐኪማችን ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። እሽጉን አገላብጣ አየችው፣ አልተቆጣችም። ብዙ ሐኪም በዚህ ቦታ ይቆጣል። ወላጅ ደግሞ ከተቆጡት መስጠቱን አይተውም፣ መናገሩን ነው የሚተወው።

"መቀነስ የምትፈልጉት የቱን ነው?" አለች።

"ተደጋጋሚ ባህሪውን" አልኩ።

"እሱን አይደለም የጠየቅሁዎት። አንድ ነገር ይምረጡልኝ።"

ዝም አልኩ። ባለቤቴ ቀደመችኝ። "እጁን ማራገቡን አትንኩብኝ" አለች። "እሱ ደስታው ነው። ከሥራ ስገባ በሩ ላይ የሚያሳየኝ እሱን ነው። አገጩን መምታቱ ይብቃን እንጂ።"

እዚያ ክፍል ውስጥ ነው የጥናቶቹ ትልቁ ጉድለት የታየኝ። አርባ ሦስቱም ጥያቄዎች ተደምረው አንድ ቁጥር ይሆናሉ። ልጄ እጁን ማራገቡን ቢተውና አገጩን መምታቱ ባለበት ቢቀጥል ቁጥሩ ይወርዳል። ወረቀቱ ላይ "ተሻለው" ይባላል። እኛ ቤት ግን ደስታው ሄዶ ሕመሙ ቀረ ማለት ነው። ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎች ይህን ሲናገሩ ቆይተዋል። በ2019 ታትሞ በወጣ ጥናት 32 አዋቂዎች ስለዚህ ተጠይቀው፣ መደጋገሙ እንደሚያረጋጋቸው፣ ሐሳባቸውንና ስሜታቸውን ለመቆጣጠር እንደሚረዳቸው ተናግረዋል። ከሁሉ የሚያስቸግራቸው የሰው ዓይን ነው። ይህን መደጋገም ሊያስቀሩ የሚሞክሩ ሕክምናዎችንም ተቃውመዋል። የክዳኑን መሽከርከር ለማስቆም በቀን ሦስት ጊዜ ክኒን? ለማን ተብሎ?

ሐኪማችን ያቀረበችው መንገድ ቀላል ነው፣ ግን ትዕግስት ይጠይቃል። መጀመሪያ ምንም ሳይጀመር የአገጩን ነገር በየቀኑ መመዝገብ። ስንት ጊዜ፣ ምን ሲሆን፣ ምን ያህል ቆየ። ከዚያ ከተጀመረ አዲስ ነገር አብሮ አይጀመርም፤ አዲስ ትምህርት ቤት፣ አዲስ አመጋገብ፣ ሌላ ቪታሚን የለም። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ይቆማል። ቆሞ ካልተባሰ እንግዲህ መድኃኒቱ አልነበረም። ከሁሉም በላይ ደግሞ መቼ እንደተጀመረና መቼ እንደቆመ የማያውቅ ሰው መመዝገብ አለበት። የልጁ መምህርት እሺ አለችን። እናቴ "እኔም ልመዝግብ" ብላ ነበር። በጣም እወዳታለሁ፣ ግን አልተስማማሁም።

ምዝገባው ራሱ ያሳየን ነገር አለ። አገጩን የሚመታው ከምንገምተው በላይ ጠዋት ላይ ነው፣ ልብስ ሲለብስ። ሹራቡ አንገት ላይ ያለችው ምልክት ትቧጥጠዋለች። ቆርጠን ጣልናት። ሁሉም ችግሩ እሷ አይደለችም፣ ግን የጠዋቱ ቀንሷል፣ ይሄን የመምህርቷም ወረቀት ያሳያል። እሽጉ አሁንም መደርደሪያው ላይ ነው። ገና አልወሰንንም።

ባለፈው አንዲት ጓደኛዬ ደወለችልኝ። የእሷም ልጅ ኦቲዝም አላት። ስለ ኤንኤሲ ሰምታለች። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኳት፣ የስታንፎርዱን፣ የአውስትራሊያውን፣ ፕላሲቦውን። በጥሞና ሰማችኝ። "ገባኝ" አለች። "እና የትኛው ይሻላል፣ የሚሟሟው ወይስ የሚዋጠው?"

አልፈረድኩባትም። በ1998 ሴክሬቲን የሚባል ሆርሞን የተሰጣቸው ሦስት ልጆች ተሻላቸው ተብሎ ወሬው ዓለምን አዳርሶ ነበር። በ1999 በ60 ልጆች ላይ ተፈተነ፣ ከጨው ውሃ መርፌ አልተሻለም። ውጤቱ ለወላጆቹ ተነገራቸው። ከተነገራቸው በኋላም 69 በመቶዎቹ ለልጃቸው ሴክሬቲን እንደሚፈልጉ ተናገሩ። እነዚያ ሰዎች ቁጥር ማንበብ አቅቷቸው አይደለም። ቁጥሩ "አይሠራም" አላቸው እንጂ በምትኩ ይሄን ያዙ የሚላቸው ሰው አልነበረም።

"ሐኪም ጋ መቼ ነው የምትሄዱት?" አልኳት።

"ገና ወር አለው።"

"እስከዚያ አትጀምሪ፤ ግን መዝግቢ። ሁሉንም ሳይሆን የሚያሳምማትን አንዱን ብቻ።"

"ቅጽ አላችሁ?" አለች። የመምህርቷን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ላክሁላት።